ከቦሩ ሜዳ እስከ ይስማ ንጉሥ

አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ከተማ ወጣ ብሎ «ይስማ ንጉሥ» የሚባል ሥፍራ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ባለ ሃያ አንቀጹን የውጫሌ ውል የተዋዋሉበት ሥፍራ ነው። ስሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። «ንጉሥ ይስማ» የሚል ሰው ነገር ያለው ሰው ነው፤ ተሟጋች ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ የታሪክ መምህር ሳለሁ፣ ሥፍራውን ለማየት ሄጄ ነበር። መንገዱን ያሳዩኝ አንድ የአገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ እንዳልን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ስለ አንቀጽ 17 ማስረዳት ጀመርሁ። ክፍል ውስጥ እንደለመድሁት ነበር የተናገርሁት፤ «አማርኛው ‹ይቻላቸዋል› ይላል፤ ጣሊያንኛው ግን ‹ግዴታቸው ነው› ይላል፤ አየህ ተንኮላቸውን!» እያልሁ። በንግግሬ ግለት «አየህ» ማለቴ እንኳ የታወቀኝ ዘግይቼ ነው። ሽማግሌው አልተቀየሙኝም። እስክጨርስ ጠበቁና፣

«ጣሊያንኛውን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አላየሁትም አባቴ፤ መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብሁት።»

«መጽሐፉን የጻፈውስ አይቶታል?»

መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌው ፈገግ አሉና፣ «አብሽር ልጄ፤ ነገርህ እውነት ይሆናል። እኔ ዳኛ ብሆን ግን አልፈርድልህም» አሉ።

ያ ቀን ከአእምሮዬ አልጠፋም። እውነት ይዤ ነበር፤ ነገር ግን ለፍርድ የሚበቃ እውነት አልነበረም። ሙግት ግልጽ የሚሆነው፣ የሚያሳምነው፣ ሰውን ከቆመበት የሚያነቃንቀው በምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገኝም። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌ የሚወጣው አገር ራሱ በቂ ነው። በዚያ አካባቢ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊያዳርሰው በሚችል ርቀት፣ በታሪካችን ከታወቁት ክርክሮች ሦስቱ ይገኛሉ። አንዱ ቦሩ ሜዳ ላይ በዐዋጅ የተዘጋ ነው፤ ሁለተኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ በመጽሐፍና በማዕርግ የሚመሰከር፤ ሦስተኛው ይስማ ንጉሥ ላይ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ።

* * *

አስቀድሞ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። አማርኛ «መርታት»ን እና «ማሳመን»ን ለይቶ ያውቃል። የረታ ሰው ተቀናቃኙን ጥሎታል፤ ያሳመነ ሰው ግን ተቀናቃኙን «አምኛለሁ» አሰኝቶታል። «አመነ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው በልቡ ተቀበለ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በችሎት ፊት አልካደም ማለት ነው። ምስክርን «እማኝ» የምንለውም ከዚሁ ቃል ወገን ነው። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ማሳመን ማለት፣ ሌላውን ሰው ራሱን እማኝ ማድረግ ነው ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

የጥንቱ የችሎት ሥርዐትም ይህን ያውቅ ነበር። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ከዳኛ ፊት ቆመው የሚሟገቱት ባላጋሮች የሚጠሩት ቃል «ተጠየቅ!» የሚል ነበር። «ስማኝ» አይደለም፤ «ተጠየቅ» ነው። ተሟጋቹ የራሱን ነገር ከመደርደሩ ይልቅ ከባላጋራው አፍ ቃል ማውጣት ነበረበት። የታመነው ነገር ማስረጃ አይሻም፤ የተካደው ብቻ ወደ ምስክር ይሄዳል። ተሟጋቹ በቃሉ የሚተማመን ከሆነ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ ይወራረዳል፤ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ይከፍላል። ዛሬ በየአዳራሹና በየስብሰባው ስንከራከር፣ ለተናገርነው ቃል አንድ ማሰሮ ማር እንኳ ክፈሉ ብንባል ስንቶቻችን ዝም እንል ነበር!

ግን ይህ ሥርዐት ጉድለትም ነበረው። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ይጠቀምበታል፤ አንደበቱ የከበደ ይጎዳበታል። አያቴ በወጣትነታቸው በእርሻ ወሰን ተሟግተው ተረተው ነበር። ሲያረጁም ጨዋታው በተነሣ ቁጥር፣ «ነገር ዐዋቂው ረታኝ፤ ግን አላሳመነኝም» ይሉ ነበር። ድንበሩን አልፈው አንዲት ክንድ አላረሱም፤ ከዚያ ሰው ጋር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በአንድ መሶብ አልቆረሱም። ተረትቶ ያላመነ ሰው ማለት እንዲህ ነው።

* * *

ከደሴ በስተሰሜን ቅርብ የሆነውን ቦሩ ሜዳን ሳስብ የአያቴ ነገር ትዝ ይለኛል።

በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰቡ። ከሁለት ወር በፊት ልቼ ላይ የገቡላቸው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተዋል። ጉዳዩ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ሲከፋፍል የኖረው የክርስቶስ ልደትና ቅባት ጉዳይ ነበር። «ሦስት ልደት» ወይም «ጸጋ» የሚባለው ትምህርት በሸዋ ሥር ሰዶ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ የ«ሁለት ልደት» ወገን ናቸው። ሊቃውንት ተከራከሩ። ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤም ተነበበ። ጸጋዎች ተረቱ። ከዚያ ወዲያ ትምህርታቸው ተከለከለ፤ አንለውጥም ካሉትም ምላሳቸው የተቆረጠ እንደነበሩ የጊዜው ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

በዚያው ጉባኤ ዘመን ሌላም ዐዋጅ ወጣ። የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ራስ፣ ከዚያም የወሎ ንጉሥ የሆኑት የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። አመዴ ሊበን፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዋጠው፣ ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሼኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉት ዑለማዎች ግን እምቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙ ሕዝብም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የቀረውም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ለዐፄ ዮሐንስ ፍትሐዊ ልሁን። ንጉሡ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1868 ዓ.ም.፣ ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው የወጡ ናቸው። አገሪቱ በእምነት አንድ ካልሆነች ትበተናለች የሚል ሥጋት ነበራቸው። ሥጋታቸው ሥጋት ነው፤ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ሥጋት ያለው ሰው ሙግት የሚያሳጥርበት መንገድ አለ፤ የተከራካሪውን አፍ መዝጋት። አፉ የተዘጋ ሰው ደግሞ አላመነም። የእስክንድርያው ደብዳቤ ለሁለት ልደት ወገን ብርቱ ማስረጃ ነበር፤ እንዲያውም ጸጋዎቹ ራሳቸው የእስክንድርያን መንበር ያከብሩ ስለነበር ከማንኛውም ቃል ይልቅ ሊያሳምናቸው የሚችል እሱ ነበር። ምላስ ሲቆረጥ ግን ያ ደብዳቤ ራሱ ጥርጣሬ ላይ ወደቀ፤ «እውነት ከሆነ ቢላዋ ለምን አስፈለገው?» የሚል ጥያቄ ተከተለው። ቅጣት ለማስረጃ ምርኩዝ የሆነው መስሎ ማስረጃውን ራሱን አነከሰው።

ውጤቱን ማንም ሰው በዐይኑ ማየት ይችላል። ዛሬ ከደሴ እስከ ሐይቅ፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው የመስጊዱን ሚናራ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ጋር እያየ ነው የሚሄደው። የደቡብ ወሎ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ዐዋጁ ሊያደርገው ያልቻለውን አብሮ መኖርን ሕዝቡ በጋብቻ፣ በዕድርና በቡና አደረገው። ቦሩ ሜዳ መርታት ማሳመን እንዳልሆነ ያሳየ ጉባኤ ነው።

* * *

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን እንደተጓዙ ሐይቅ ይገኛል። ከተማውም ውሃውም ስሙ አንድ ነው። ውሃው ውስጥ ገባ ባለው ምድር ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ድሮ ደሴት ነበር፤ ሴቶች አይገቡበትም። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ከደብረ ዳሞው አባ ዮሐኒ ሥር የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ መጥተው ገዳም መሠረቱበት። ሐይቅ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ሆነ፤ መጻሕፍት የሚጻፉበት ቤት ሆነ።

እዚህ ያለው ክርክር ደም አላፈሰሰም። ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል፤ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ገደማ ከዛጔዎች ዙፋኑን ሲወስድ የረዳው ማን ነው? የደብረ ሊባኖስ ወገን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል፤ ለዚህም ውለታ ንጉሡ የመንግሥቱን ሢሶ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ ይባላል። የሐይቅ ወገን ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው ይላል። ሁለቱም ገድል አላቸው። ሁለቱም ገድሎች የተጻፉት ነገሩ ከተፈጸመ ከብዙ ትውልድ በኋላ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ይህን ክርክር የምንከራከረው በየአውራጃችን ነበር። ሸዋ የተወለደው ለደብረ ሊባኖስ፣ ወሎ የተወለደው ለሐይቅ። እኔም ለሐይቅ እጮህ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንሁ የሚያውቅ ሰው ምን ብዬ እንደምከራከር አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሙግት ማንንም አያሳምንም፤ ምክንያቱም ተናጋሪው ሌላ ቦታ ቢወለድ ኖሮ ተቃራኒውን ይል እንደነበር ሰሚው ያውቃል።

የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት የሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ ለብቻው አጥንተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 አሳተሙ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት የጻፉት ታላቁ መጽሐፋቸው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ። እሳቸውን ሳነብ የተማርሁት፣ «ማን አለ?» ከማለት በፊት «መቼ ተጻፈ? ከነገሩ ምን ያህል ይርቃል? የጻፈው ሰው ምን ይጠቀም ነበር?» ብሎ መጠየቅን ነው።

በዚህ ዐይን ስናይ ሐይቅ ሦስት ነገር በእጁ አለ። አንደኛው መጽሐፍ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው፤ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ማለት ነው። ገድል ስለ ሰውየው ኋላ የተነገረ ነው፤ ይህ ወንጌል ግን የሰውየው የራሱ ስጦታ ነው። ሁለተኛው ማዕርግ ነው። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ አንዱ ነበር፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበሩት ዐቃቤ ሰዓት ዐምኀ ጽዮን የታወቁ ናቸው። ይህን የሚያህል ማዕርግ ያለ ምክንያት ለአንድ ገዳም አይጸናለትም። ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የባላጋራው ቃል ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሐይቅ መጥተው ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥር እንደተማሩ የደብረ ሊባኖስ ወገን ራሱ ያምናል። ሐይቅ ይህን ማስረዳት አያሻውም፤ ታምኖለታል።

ግን እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሐይቅ የጥንት፣ የተማረ፣ ለዙፋኑ ቅርብ የሆነ ገዳም እንደነበር ያስረዳሉ። ይኩኖ አምላክን ዙፋን ላይ ያወጡት አባ ኢየሱስ ሞዐ ብቻ ናቸው ለማለት ግን አይበቁም። ወንጌሉም ማዕርጉም ይህን አይናገሩም። ምስክር ካየው በላይ እንዲናገር ማስገደድ ያየውንም ያስጠረጥርበታል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ነገር ስጠየቅ የምለው ከድሮው ያነሰ ነው፤ የሐይቅ ወገን የጠነከረ ነው እላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልልም። የሚገርመው፣ ያነሰ ስናገር የሸዋ ወዳጆቼ የበለጠ ይሰሙኛል።

* * *

ከሐይቅ አልፎ ሽቅብ የአምባሰልን ተራሮች እያዩ ሲሄዱ ውጫሌ ይደረሳል። እንግዲህ ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ባሉበት በዚያ ወቅት መሣሪያም፣ የውጭ እውቅናም ይፈልጉ ነበር። ኢጣልያ ደግሞ በ1877 ምፅዋን ከያዘች ወዲህ ደጋውን ትመኝ ነበር። ውሉ የሁለቱን ፍላጎት አገናኘ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነው። በጥቅምት 1882 የኢጣልያው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ይህን አንቀጽ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ፤ ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ገባች ተብሎም ተተረጎመ። ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ፣ ከእንግዲህ በኢጣልያ በኩል ላኩብን የሚል መንፈስ ነበረው። ነገሩ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ጣሊያንኛው ምን ይላል? ከዓመታት በኋላ ጽሑፉን ሳገኘው ደነገጥሁ። «ግዴታቸው ነው» አይልም። ቃሉ «ኮንሴንቴ» ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም «ተስማሙ» እንደማለት ነው። ግዴታ የተባለው በሮም የተሰጠው ትርጓሜ ነው። በእርግጥ «ተስማማሁ» ብሎ በውል የፈረመ ሰው ታስሯል ማለት ይቻላል፤ የኢጣልያ ክርክርም ይኸው ነበር። «ይቻላቸዋል» እና «ተስማሙ» የተለያዩ መሆናቸውም እርግጥ ነው። እኔ ግን ለሽማግሌው የነገርኋቸው ባላጋራችን ያላለውን ቃል ነበር። ጣሊያንኛ የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱን ቃል ይዞ የቀረውን እውነቴን ሁሉ በጣለብኝ ነበር። የባላጋራን ቃል ማክፋት ለጊዜው ይጣፍጣል፤ በኋላ ግን ያስከፍላል። የባላጋራን ነገር ራሱ ባላጋራው «አዎ፣ ይህን ነው ያልሁት» እስኪል ድረስ አስተካክሎ መናገር የሙግት መጀመሪያ ነው።

ምኒልክ ከእኔ የተሻሉ ተሟጋች ነበሩ። በመስከረም 1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ የላኩት ደብዳቤ በዚህ ረገድ ትምህርት ቤት ነው። ውል አልተዋዋልሁም አላሉም። ስለ መላላክ አልተነጋገርንም አላሉም። ስለ ወዳጅነታችን ስል በኢጣልያ አጋዥነት ጉዳዬ ሊከናወን ይችላል ብያለሁ፤ የሚያስገድደኝ ውል ግን አላደረግሁም፤ ሁለቱን ጽሑፎች ባስተያይ አልተስማሙም፤ ነው ነገሩ። መጀመሪያ የሚታመነውን አመኑ፤ ከዚያ ክርክሩን ወደ አንዲት ቃል አጠበቡት። ግልጽነት ማለት ብዙ ማብራራት አይደለም፤ የምንለያይባት ነጥብ የትኛዋ እንደሆነች ለሁሉም ሰው ማሳየት ነው። ከዚያ ወዲያ ኢጣልያ ስለ ሌላ ነገር ብታወራ ከነጥቡ እንደሸሸች ይታወቅባታል።

ይህችም ነጥብ የቆመችው በባላጋራው ፊርማ ላይ ነበር። የውሉ አንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች፣ አማርኛውም ጣሊያንኛውም፣ እኩል የታመኑ እንደሚሆኑ ይደነግጋል። ስለዚህ ኢጣልያ «አማርኛው አይቆጠርም» ማለት አትችልም፤ ይቆጠራል ብላ ፈርማለች። ምኒልክ የሚያነቡት አማርኛውን ነበር፤ ሸዋ ለአሥር ዓመት ያህል የተመላለሰው፣ ረቂቁንም ከሮም ይዞ የመጣው አንቶኔሊ ነው። ሁለቱ ቢለያዩ የማን ዕዳ ነው? ጥያቄው ራሱ ይመልሳል።

አንቶኔሊ በታኅሣሥ 1883 አዲስ አበባ ተመልሶ ሲመጣ እቴጌ ጣይቱም ገቡበት። አንቶኔሊ፣ መንግሥቴ ለአውሮፓ ያሳወቀውን «ተሳስቼ ነው» ሊል አይችልም፣ ክብሩ ይነካል አለ። እቴጌይቱ የመለሱት በዚሁ በክብር ነው፤ እኛም እንደናንተ የምንጠብቀው ክብር አለን፣ በእናንተ ጥበቃ ሥር ያለን መስለን ልንታይ አንፈቅድም የሚል ነበር። አዲስ ሚዛን አላመጡም፤ አንቶኔሊ ራሱ ባመጣው ሚዛን መዘኑት። ክብር ለኢጣልያ ምክንያት ከሆነ ለኢትዮጵያ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ለመመለስ አንቶኔሊ ኢትዮጵያ ክብር የላትም ብሎ በግልጽ መናገር ነበረበት። ያን ደግሞ ውል ለማደስ የመጣ ሰው አይናገረውም።

እውነቱን ለመናገር የእኛም ወገን ንጹሕ ብቻ አልነበረም። በጥር መጨረሻ 1883 አንቶኔሊ አንቀጹ እንዳለ የቀረ መስሎት አንድ ጽሑፍ ፈረመ፤ አማርኛው ግን አንቀጽ 17ን የሚሰርዝ ሆኖ ተገኘ። ተቆጥቶ ወጣ፤ ንግግሩም በዚያ ፈረሰ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እየሳቅን እንተርከዋለን። እኔ ግን ሳስበው ለባላጋራው ምን እንደሚያቀብል ይታየኛል፤ «በ1883 አማርኛውን ሳይረዳ የፈረመ ሰው በ1881ስ ሳይረዳ ቢፈርምስ?» ሊባል ይችላል። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አዲስ አበባ ላይ ስለ አንቀጽ 17 ባሳተሙት መጽሐፍ አንቶኔሊ ልዩነቱን ያውቅ ነበር ብለው ተከራከሩ። በሚከተለው ዓመት ኢጣልያዊው ፕሮፌሰር ካርሎ ጂልዮ ተቃወሟቸው፤ ሩበንሰንም መልሰው ጻፉ። የሩበንሰን ወገን ለእኔ የበለጠ ያሳምናል። የሚያሳምነኝ ግን እኛን ስለደገፉ አይደለም፤ ሰነዶቹን፣ ደብዳቤዎቹን፣ ቀኖቹን አስቀምጠው አንባቢው ራሱ እንዲያስተያይ ስለሚተዉት ነው። ለእኛ የማይመቸውን የጥሩን ታሪክ ደብቆ የሚሟገትልኝ ሰው ቢመጣ፣ ሌላስ ምን ደብቆ ይሆን ብዬ እጠረጥረዋለሁ።

* * *

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቀኝ ይገባል። «ይህ ሁሉ ሙግት ምን ፈየደ? ክርክሩን የፈታው የዓድዋ መድፍ አይደለም ወይ?» ይለኝ ይሆናል።

ጥያቄው ከባድ ነው። ምኒልክ በሚያዝያ 1883 የአገራቸውን ወሰን ለአውሮፓ መንግሥታት ጽፈው አሳወቁ፤ በየካቲት 1885 ውሉ ማብቃቱን ገለጹ፤ ሮም ግን አልተመለሰችም። ፈረንሳይና ሩሲያ የኢጣልያን ጥበቃ አልተቀበሉም፤ ነገር ግን ፍቅረ እውነት ብቻ አላነሣሣቸውም፤ የራሳቸው ጥቅም ነበራቸው። ባላጋራ ለመስማት ካልፈለገ የዓለም ሁሉ ማስረጃ ጆሮ አይሆነውም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው ስለዚህ ነው።

ቢሆንም ዓድዋ ያለ ሙግቱ ምን ይሆን ነበር? ቦሩ ሜዳም ኃይል ነበረው፤ ግን ኃይሉ ማስረጃውን ዋጠው። በውጫሌ ጉዳይ ግን ኃይሉ የመጣው ነገሩ ከተነገረ፣ ከተጻፈ፣ በደብዳቤ ከተላከ፣ ሁሉም ከሰማው በኋላ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል በሁለተኛው አንቀጹ የውጫሌን ውል ሻረ፤ በሦስተኛው ኢጣልያ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አወቀች። ጦርነቱ ኢጣልያን ከጠረጴዛው አቀረባት፤ በጠረጴዛው ላይ የሚጻፈውን ቃል ግን ያዘጋጀው ቀደም ሲል የተደረገው ሙግት ነው። ያሸነፈ ወገን ሁሉ የሚጠይቀውን አያውቅም። ምኒልክ የሚጠይቁት አንድ የተጣራ ነገር ነበራቸው፤ ለዚህም ስድስት ዓመት ሲሟገቱበት ኖረዋል።

ይህን የምጽፈው ያለፈውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። እኛ የምንከራከረው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቦሩ ሜዳ ነው። «ምን አለ?» ከማለታችን በፊት «የማን ወገን ነው?» እንላለን። ባላጋራችን ያላለውን እናስብለታለን። ለእኛ የማይመቸውን እንደብቃለን። ከዚያ ረታን ብለን እንነሣለን፤ ሌላው ወገን ደግሞ እንደ አያቴ ዝም ብሎ በአንድ መሶብ መቁረስ ያቆማል። አንድ አገር ውስጥ ተረትተው ያላመኑ ሰዎች ሲበዙ ምን እንደሚመጣ እኛ ኢትዮጵያውያን ከመጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ይስማ ንጉሥ ተመልሼ ሄድሁ። ሥፍራው አሁን ሙዚየም ተሠርቶበታል። ሽማግሌውን ጠየቅሁ፤ ዐርፈዋል አሉኝ። በቦርሳዬ ውስጥ የአንቀጽ 17ን ሁለቱን ጽሑፎች፣ የአንቀጽ 19ንም ግልባጭ ይዤ ነበር። ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሁለቱንም በየተራ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፤ ሰሚ አልነበረም፤ ነፋስ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ቢኖሩ ኖሮ ይፈርዱልኝ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ሌላ ጥያቄ ያመጡብኝ ነበር። ግን «ጣሊያንኛውን አይተኸዋል?» ቢሉኝ፣ በዚህኛው ጊዜ፣ «አዎ አባቴ፤ እንኩ፣ እርስዎም ይዩት» እላቸው ነበር።